የፈረንጅ ገናን በመርከብ ላይ፦ ከወረቀት ምርመራ እስከ መውረጃው ጠዋት

እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝናኛ መርከብ ስንወስዳት ሻንጣዋ ውስጥ ጀበና፣ ዕጣንና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሸጉጣ ነበር። ወደቡ ላይ ሻንጣው በራጅ ሲፈተሽ ሦስቱም ታዩ። ጀበናው አለፈ። ዕጣኑ ተያዘ። ምድጃውን የጥበቃ ሠራተኛው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አሰረበትና ከሌሎች መንገደኞች ካውያዎች ጎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። እናቴ ምድጃውን ዞር ብላ እያየች «በዓል ያለ ቡና!» አለች።

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው የመርከብ ጉዞ የሚያስበው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ይህም ዲሴምበር 25ን መሀል ላይ ያደርገዋል። ያ ሳምንት ደግሞ ከሌላው ጊዜ ጋር አይመሳሰልም። መርከቡ ያው ቢሆንም ዋጋው፣ ሕዝቡ፣ ማዕዱና ወደቦቹ ሌላ ናቸው። የሚከተለው ከፍሎሪዳ፣ ከቴክሳስ ወይም ከባልቲሞር ተነሥተው ወደ ካሪቢያን ባሕርና ወደ ባሃማስ ለሚሄዱ ቤተሰቦች ነው።

1. ዋጋ ከማየትዎ በፊት የቤተሰቡን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ

ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ እዚያው የሚመለስ መርከብ እንኳ መሀል ላይ የውጭ አገር መንካቱ አይቀርም። ምክንያት አለው። አብዛኞቹ የመዝናኛ መርከቦች የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገር ባንዲራ ያውለበልባሉ፤ ከ1886 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያሉ መርከቦች የውጭ ወደብ ሳይነኩ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው መንገደኛ እንዳያጓጉዙ ይከለክላል። እናም ባሃማስን ለአራት ቀን አይቶ መመለስ በሕግ ፊት ከአገር መውጣት ነው።

የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ይህን አጥብቆ ይያዝ። አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል፤ ወደብ ላይ ሲመለስም ላይገባ ይችላል። ትኬት የሚሸጥልዎ ሰው ይህን አይነግርዎትም፤ ሥራው አይደለም። ጠበቃዎን ሳያማክሩ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይከፍሉ። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው የጉዞ ሰነዱን ይዞ ይሄዳል፤ መርከቡ የሚቆምበት እያንዳንዱ አገር ያንን ሰነድ ያለ ቪዛ ይቀበል እንደሆነ ግን አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንና ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይያዝ። ሜክሲኮ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቪዛ አትጠይቅም፤ እያንዳንዱ ደሴት ግን የራሱ ደንብ አለው። ዜግነት የወሰዱት ደርሶ መልስ በሆነው ጉዞ ያለ ፓስፖርት፣ በዜግነት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ መሳፈር ይችላሉ፤ እኔ አልመክርም። አንድ ሰው ታሞ ሜክሲኮ ላይ ቢወርድ ወደ ቤቱ የሚመልሰው አውሮፕላን ነው፤ አውሮፕላን ደግሞ ፓስፖርት ይፈልጋል።

2. ቀኑንና መርከቡን ይምረጡ

የገናና የአዲስ ዓመት ሳምንታት በዓመቱ ውስጥ ዋጋ ሰማይ የሚነካባቸው ናቸው። የመጨረሻ ሰዓት ቅናሽ እጠብቃለሁ የሚል ሰው ይህን ሳምንት ይርሳው፤ ብዙውን ጊዜ ከዓመት በፊት ቦታ የያዘ ይጠቀማል። የሚገርመው ነገር፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ልጆች ወደ ትምህርት ሲመለሱ ዋጋው ቁልቁል ይወርዳል። ዲሴምበር 25 የተጨናነቀው ያው መርከብ በእኛ ገና፣ በጃንዋሪ 7፣ ረጋ ብሎና ረክሶ ይገኛል። ለትምህርት የደረሰ ልጅ የሌላችሁ ወይም ልጆቻችሁን አድርሳችሁ የጨረሳችሁ፣ ይህን እንደ ምስጢር ያዙት። የቀረነው ከሕዝቡ ጋር እንጋፋለን።

መጋፋት ስል በምሳሌ ላስረዳ። በ2024 መጀመሪያ ከማያሚ ሥራ የጀመረው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ ሲቆጠር 5,610 መንገደኛ ይይዛል፤ ሁሉም አልጋ ሲሞላ ግን ወደ 7,600 ይደርሳል። በመሀል ያለው ሁለት ሺህ ሰው ከእናትና ከአባቱ ክፍል ውስጥ በተዘረጋ ሦስተኛና አራተኛ አልጋ ላይ የሚያድር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እነዚያ አልጋዎች የሚሞሉት ደግሞ በትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። መዋኛው፣ አሳንሰሩና የአይስክሬሙ ሰልፍ ያንኑ ይመስላሉ።

ክፍል ሲመርጡ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ከሁሉ ይረክሳል፤ ለመኝታ ብቻ ከሆነ አይከፋም። ባሕር ለሚያዞረው ሰው ግን ከመርከቡ መሀልና ከታችኞቹ ፎቆች ይያዙለት፤ የመርከብ መወዛወዝ የሚያንሰው እዚያ ነው። ወላጆች ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ለአሳንሰር የቀረበ ክፍል ከበረንዳ ይበልጣል። አንዳንዱ መርከብ ከዳር እስከ ዳር ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ምግብ ቤቱ ከአንዱ ጫፍ ሲሆን የእናትዎ ጉልበት ነው የሚከፍለው።

ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ ባልቲሞርን አትናቁ። የአውሮፕላን ወጪም ሆነ የሻንጣ ጣጣ የለም፤ ዘመድ በመኪና ያደርሳችኋል። ዋጋው በሌላ መንገድ ይከፈላል፦ የመጀመሪያው ሌሊት በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጸጥ ብሎ ያልፍና በማግሥቱ ኬፕ ሃተራስ አካባቢ የክረምቱ አትላንቲክ ይቀበላችኋል። ሁለት ቀን በካፖርት፣ ከዚያ በኋላ በቁምጣ ነው።

3. የተነገረዎት ዋጋ ላይ ምን እንደሚጨመር ያሰሉ

ትኬቱ ክፍሉን፣ ዋናውን ምግብ ቤትና ቡፌውን፣ ትርዒቱንና የልጆች መዋያውን ይሸፍናል። ለስላሳ መጠጥ፣ አልኮል፣ ጥሩ ቡና፣ ኢንተርኔትና ልዩ ምግብ ቤቶች የሚከፈልባቸው ናቸው። የሠራተኞች ጉርሻ በየቀኑ በራሱ ሒሳብዎ ላይ ይጻፋል፤ በትልልቆቹ ኩባንያዎች በነፍስ ወከፍ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፣ ልጅም ይቆጠራል። አራት ሆናችሁ ለሰባት ቀን ብትሄዱ 500 ዶላር አካባቢ መሆኑ ነው። ቀሪው ክፍያ ከጉዞው ሦስት ወር ገደማ በፊት ተጠቅልሎ ይከፈላል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢሰርዙ የሚመለስልዎ እየቀነሰ ይሄዳል።

የጉዞ መድን ይግዙ። ሜዲኬይድ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም፤ ሜዲኬርም ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ባሕር ላይ አይከፍልም። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፤ ሒሳቡ ግን በቀጥታ ክፍልዎ ላይ ይጻፋል።

4. ጾሙን አስቀድመው ያስታውቁ

ዲሴምበር 25 ታኅሣሥ 16 ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ የሚዘልቅ ስለሆነ የፈረንጁ ግብዣ ሙሉ በሙሉ ጾማችን ላይ ይወድቃል። የበግ ጥብሱ፣ የአሳማ ሥጋው፣ የቱርክ ዶሮው፣ በቅቤ የተሠራው ኬክ፣ ሁሉም ዓይንዎ ሥር ይደረደራሉ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለነፍስ አባትዎ ትቻለሁ።

ጾመኛ መርከብ ላይ አይራብም፤ ማወቅ ያለበት ቃሉን ብቻ ነው። «እጾማለሁ» ቢሉ አስተናጋጁ ምንም እንደማይቀምሱ ይረዳል። «አትክልት ብቻ» ቢሉ ቺዝ የተነሰነሰበት ፓስታ ይመጣል። የሚሠራው ቃል «ቪጋን» ነው። ይህንንም ትኬቱን ሲገዙ፣ ቢዘገይ ከጉዞው ሁለት ወር በፊት፣ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ ሐላል የሚፈልጉም በዚያው ጊዜ ይጠይቁ። በመጀመሪያው ምሽት ለምግብ ቤቱ አለቃ ራስዎን ያስተዋውቁ። ከዚያ በኋላ በየማታው የነገውን ዝርዝር አምጥቶ ያስመርጥዎታል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልምድ፦ ወጥ ቤት ውስጥ ሕንዳውያን አይጠፉም፤ የሕንድ ምስር እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። ቅቤና እርጎ እንዳይገባበት ግን ጨክነው ይናገሩ፣ ለሕንዳዊ አብሳይ ቅቤ ሥጋ ስላልሆነ ምንም አይመስለውም። እናቴ በሦስተኛው ቀን የመጣላትን ምስር ቀምሳ፣ ከቦርሳዋ ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ሚጥሚጣ አውጥታ ነሰነሰችበት፤ አስተናጋጁ ትንሽ ቀምሶ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። እስከ መጨረሻው ቀን «ማማ» እያለ ይጠራት ነበር።

5. ሻንጣ

እሳትና ሙቀት የሚያወጣ ነገር ሁሉ የተከለከለ ነው። ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የውኃ ማፍያ አይገባም። ብዙ መርከቦች የኤሌክትሪክ ማከፋፈያም ይይዛሉ። መርከበኛ ባሕር ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳትን ስለሆነ በዚህ ላይ ልመና አይሠራም። ቤት የተጋገረ እንጀራና ቤት የተቆላ ቆሎም በብዙዎቹ አይፈቀድም፤ ከሱቅ እንደታሸገ ያለ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ግን ያልፋል። ከመርከብ ወደ ደሴት ይዞ መውረድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምግብ ከመርከቡ አያውርዱ።

ትልልቆቹን ሻንጣዎች ወደቡ ላይ ሠራተኞች ይቀበሉዎታል፤ ክፍልዎ በር ላይ የሚደርሱት አመሻሽ ላይ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና የልጆች የዋና ልብስ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይሁን። በሰባት ቀን ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ምሽት አለባበስ ያምራል፤ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ይያዙ። ፈረንጆቹ በጥቁር ሱፍ መሀል ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ ሲያዩ መንገድ ይለቃሉ፤ የመርከቡ ፎቶ አንሺም ከኋላ ከኋላ ይከተላችኋል (ፎቶው ይሸጣል፣ ውድ ነው)።

6. መርከቡ የሚነሣበት ከተማ ከአንድ ቀን በፊት ይግቡ

የዲሴምበር በረዶ ለማንም አያዝንም። በ2022 የገና ሰሞን ብርቱ ውርጭና ማዕበል አሜሪካን ሲመታ በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰርዘው ሰው አየር ማረፊያ ወለል ላይ አድሯል። መርከብ አውሮፕላን የዘገየበትን ሰው አይጠብቅም፤ መሳፈሪያው ከመነሻው አንድ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ይዘጋል። በጠዋት ደርሼ በቀጥታ እሳፈራለሁ ማለት ቁማር ነው። የመሳፈሪያ ምዝገባውን በኢንተርኔት ቀድመው ጨርሰው የመድረሻ ሰዓት ይምረጡ፤ ጥሩዎቹ ሰዓቶች ቶሎ ያልቃሉ።

7. በመጀመሪያው ቀን ከቡፌው በፊት

የአደጋ ጊዜ ልምምዱን ይጨርሱ። አሁን በብዙ መርከቦች ላይ ቪዲዮውን በስልክ ወይም በክፍሉ ቴሌቪዥን አይቶ የመሰብሰቢያ ቦታ ሄዶ መመዝገብ በቂ ነው። ሰው ይሰለቸዋል፤ እኔ ግን ልጆቼን በእግራቸው አስኬጄ ከክፍላችን እስከ ጀልባው ድረስ ደረጃ አስቆጥራቸዋለሁ። ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ በጣሊያኗ ጂሊዮ ደሴት ዐለት ስትመታ በዚያው ቀን የተሳፈሩት መንገደኞች ገና አልተለማመዱም ነበር፤ 32 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲሆን ዓለም አቀፉ ደንብ የተለወጠው።

በዚያው ቀን ልጆቹን በዕድሜያቸው ክፍል ያስመዝግቡ፤ ትርዒቶችን ቀድመው ይያዙ። ስልክዎን ደግሞ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉ፤ መርከቡ ላይ የሚመጣው የሞባይል ሞገድ የሳተላይት ነው፣ ሒሳቡ ከመርከብ ከወረዱ በኋላ ያስደነግጣል። አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ «ስልኳ ተዘግቷል» ብሎ እንዳይጨነቅ ቀድመው ይንገሩ።

እጅ በሳሙና ይታጠቡ። መግቢያው ላይ የሚረጨው የእጅ ማጽጃ መርከብ ላይ የሚዛመተውን የሆድ ቫይረስ በደንብ አይገድልም፤ ሳሙናና ውኃ ግን ያስወግዱታል። እኛ ሳይታጠብ የማይበላ ሕዝብ ነን፤ ቡፌ ሰልፍ ላይ እንዳንረሳው ነው።

8. በዓሉ ራሱ

ሲሳፈሩ መርከቡ አጊጦ ይጠብቅዎታል። ብዙ ፎቅ የሚዘልቀው የመሀል አዳራሽ ውስጥ ትልቅ የገና ዛፍ፣ ከዝንጅብል ብስኩት የተሠራ መንደር፣ በየደረጃው መብራት አለ። ለአይሁድ በዓል ለሐኑካ የሚበራው መቅረዝ እንኳ በኤሌክትሪክ ነው፤ የሻማው ክልከላ ለማንም አያዳላም። በዋዜማው ምሽት መዝሙር ይዘመራል፣ በብዙ መርከቦችም ቅዳሴ ወይም የጸሎት ፕሮግራም ይኖራል። የካቶሊክ ወይም የፕሮቴስታንት ሥርዓት ነው፤ የእኛን ካህን አያገኙም። በዲሴምበር 25 ጠዋት የገና አባት ቀይ ልብሱን ለብሶ አዳራሹ ውስጥ ይታያል፤ በብዙዎቹም ለሕፃናት ትንሽ ስጦታ ያድላል። ቦታ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ዋናውን ስጦታ ከቤት ይዛችሁ ከሆነ እንደተጠቀለለ አታምጡት፤ ፈታሾች ሊፈቱት ይችላሉ። ወረቀቱን ለብቻ ይዛችሁ ክፍል ውስጥ ጠቅልሉት።

እኔን በዚያ ሁሉ ድምቀት የነካኝ ሌላ ነገር ነው። ዋዜማው ላይ ሠራተኞቹ፣ አልጋ አንጣፊው፣ ሳሕን አጣቢው፣ መካኒኩ፣ መድረክ ላይ ወጥተው ዘመሩ። አብዛኞቹ ፊሊፒናውያንና ኢንዶኔዥያውያን ነበሩ። ለስድስትና ለዘጠኝ ወር ውል ገብተው፣ ልጃቸውን በስልክ እያዩ በዓል የሚያውሉ ሰዎች ናቸው። እናቴ «እነዚህማ እንደኛው ስደተኞች ናቸው» አለችኝ፤ በማግሥቱ ክፍላችንን ለሚያጸዳው ልጅ ከጉርሻው ሌላ በፖስታ ሃያ ዶላር አስቀመጠች። እናንተም በዚያ ቀን ከተጻፈው ጉርሻ በላይ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ በእጅ ብትሰጡ ደግ ነው።

9. ወደቦቹና ነፋሱ

የአውሎ ነፋስ ወቅቱ ኖቬምበር 30 ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ካሪቢያን ውስጥ ባሕረኞች «የገና ነፋስ» የሚሉት ጠንካራ የምሥራቅ ነፋስ ይነሣል፤ ባሃማስና የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤም ከሰሜን በሚወርድ ቅዝቃዜ ይታመሳሉ። ውጤቱ የሚታየው መርከቡ ወደብ ሲዘል ነው። በተለይ እንደ ግራንድ ካይማን ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ማቆሚያ በሌለበትና መንገደኛ በትንንሽ ጀልባ በሚወርድበት ቦታ ካፒቴኑ ማዕበሉን አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። መብቱ ነው፣ በውልዎ ላይ ተጽፏል። ከመርከቡ ውጭ ከሌላ ድርጅት ጉብኝት ሲገዙ መርከቡ ካልቆመ ገንዘቡ እንደሚመለስ ያረጋግጡ።

ዲሴምበር 25 ወደብ ላይ የሚውል ከሆነ ሱቁና ሙዚየሙ ቢዘጋ አይደነቁ፤ ባለ ሱቁም በዓሉን ነው። ባሕር ዳርቻው ግን አይዘጋም። የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ከሆኑ ደግሞ ማግሥቱ ይሻላል፦ ዲሴምበር 26 ገና ሳይነጋ ጀምሮ ቤይ ስትሪት በጃንካኑ ይናወጣል። በፍየል ቆዳ ከበሮ፣ በደወልና በመለከት፣ ከካርቶንና ከቀጭን ወረቀት በተሠራ ግዙፍ ልብስ የሚጨፈርበት ሰልፍ ነው። መርከብዎ ጠዋት በማለዳ ከደረሰ ቁርሱን ትተው ቢወርዱ ጭራውን ያገኙታል።

ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። ከቴክሳሱ ጋልቬስተን ተነሥተው የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ሲወርዱ ደሴቷ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ሳን ህዋንና ሴንት ቶማስም ከማያሚ በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ። ስልክዎ ራሱን ሲቀይር መርከቡ በራሱ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። የእጅ ሰዓት ያድርጉ፣ በመርከቡ ሰዓት ይሙሉት፣ የእናትዎን ሰዓት ደግሞ በሐበሻ አቆጣጠር እንዳትሞላው ይዩ። የእኛ አንዴ እንዲያ ሆኖ፣ መሰላሉ ሊነሣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነጠላ አንጠልጥለን ሮጠናል፤ በየበረንዳው ቆመው የሚያዩ ፈረንጆች አጨበጨቡልን።

10. የመውረጃው ጠዋት

በመጨረሻው ምሽት ትልልቁን ሻንጣ ቁጥር አስረው በር ላይ ያስቀምጡ፤ የሌሊት ልብስዎን ለብሰው እንዳይወርዱ የነገውን ልብስ አስቀርተው። ሒሳብዎን በቴሌቪዥኑ ወይም በስልክ ይዩ፤ ያላዘዙት ነገር ካለ የእንግዳ መቀበያው ሰልፍ ሳይረዝም በዚያው ማታ ይጠይቁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ክፍሉን ይለቃሉ። በረራዎን ከእኩለ ቀን በኋላ ያድርጉት፤ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ እጅዎ ላይ ይሁን።

የተያዘ ዕቃ ካለዎት ቁጥሩን ይዘው ከመውጫው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ጋር ይቁሙ። እናቴ ምድጃዋን ተቀብላ አገላብጣ ካየች በኋላ ከጀበናው ጋር በነጠላ ጠቅልላ መኪና ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋው ሄደች። ለጃንዋሪ 7 አሥር ቀን ይቀረን ነበር።